ጥላዬ እግሬ ሥር ሳለ

በ2081 ዓ.ም. የሰኔ ወር ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዶክተር ልሳነወርቅ ተካልኝ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ራሳቸው በሚያስተምሩት ትምህርት ተማሪ ሆነው ተመዘገቡ። ከቤታቸው ሲወጡ ያሰቡት ይህንን አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው የነበረበት ግቢ አሁንም በቦታው አለ። በሩ ላይ ጥበቃ አይቆምም፤ የሚጠበቅ ነገር የለም። የተማሪ ማደሪያ የነበሩት ሕንፃዎች መስኮታቸው ተነቅሎ እርግብ ሰፍሮባቸዋል። በመመገቢያ አዳራሹ ጣሪያ ላይ አንድ ግራር በቅሎ የሰው ቁመት አልፏል። ይህ ማለት ግን ትምህርት ቀርቷል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከምንጊዜውም በላይ በዝቷል። «ገበታ» በሚባለው የትምህርት መድረክ ላይ በዚያ ሳምንት ብቻ አራት መቶ ሺህ ሰው ትምህርት ጀምሯል፤ እያንዳንዱ በየቤቱ፣ ብቻውን፣ ትምህርቱ በሚታይበት በየግድግዳው ፊት ተቀምጦ።

የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ ወደ አንዲት መስኮት ተጠቃሏል። ከመስኮቷ ጀርባ እንዳሻው የሚባል ጎልማሳ ተቀምጧል። በግቢው ውስጥ ደመወዝ የሚበላ ብቸኛው ሰው እሱ ነው። ባለጉዳይ ካየ ሰንብቶ ኖሮ ሽማግሌውን ሲያይ ብድግ አለ።

«አባቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ስህተት ላሳርም ነው የመጣሁት። ‹የወንዝ ፍሰትና የጎርፍ ትንበያ› በሚለው ውስጥ፣ ትምህርት አሥራ አንድ ላይ።»

«እርማት የሚቀርበው ለመምህሩ ነው።»

«መምህሩ እኔ ነኝ።»

እንዳሻው ከፊቱ ያለውን ምስልና ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ፊት እያፈራረቀ ተመለከተ። ምስሉ ጥቁር ጠጉር አለው። «መምህሩ ክፍል ውስጥ ናቸው» አለ በትሕትና። «በዚህች ደቂቃ ስድስት ሺህ ሰው እያስተማሩ ነው።»

«እሱ የእኔ ምስል ነው እኮ።»

«ልክ ነው፤ የእርስዎ ነበር። በ2043 ፈርመው አስረክበዋል። ይኸው ፊርማዎ። እንዴት ያለ ቆንጆ ፊርማ ነው፤ ዛሬ እንዲህ የሚፈርም ሰው የለም።»

«ታዲያ ስህተቱን ማን ያርመው?»

«መምህሩ ካመኑበት ያርሙታል። መምህሩን መጠየቅ የሚችለው ደግሞ የተመዘገበ ተማሪ ብቻ ነው።» እንዳሻው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ምክር መለገሱ ነበር። «ለምን አይመዘገቡም? ትምህርቱን ወስዶ ያለፈ ሰው እንደገና መመዝገብ አይችልም። እርስዎ ግን ወስደውት አያውቁም።»

ዶክተር ልሳነወርቅ ጥቂት አሰቡ። «አልወሰድኩትም» አሉ። እውነት ነበር።

«እንግዲያስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትዎን ይስጡኝ።»

«የሦስተኛ ዲግሪዬን ይዣለሁ።»

«እሱ አይጠቅመንም አባቴ። ቅጹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው የሚለው።»

በማግሥቱ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ በሣጥን የኖረ አንድ ቢጫ ወረቀት ይዘው ተመልሰው መጡ።

ነገሩ የተነሣው በግንቦት ወር ከራዲዮ በሰሙት አንድ አጭር ዜና ነው። በቆርኬ ወንዝ ላይ የተሠራው የመስኖ ግድብ ደለል ሞልቶት ከአገልግሎት ውጭ ስለሆነ፣ በሮቹ ተከፍተው ወንዙ እንደ ጥንቱ እንዲወርድ ተወስኗል፤ ዜናው ይኸው ነበር። ግድቡ የተሠራው ዶክተሩ ትምህርታቸውን ካስቀረጹ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሠላሳ አምስት ክረምት ሙሉ የቆርኬን ጎርፍ እየዋጠ አስቀርቷል። ዘንድሮ የሚያስቀረው የለም።

ቆርኬ ለዶክተር ልሳነወርቅ እንደ ሌላው ወንዝ አልነበረም፤ የትምህርት አሥራ አንድ ምሳሌ ነው። በነሐሴ 2016 ከወረደው ታላቅ ጎርፍ የቀረ አንድ ሠንጠረዥ ነበራቸው። በላይኛው ጣቢያ የውኃ መለኪያ ዘንግ ተተክሎ አንድ ሰው በዓይኑ እያነበበ በደብተር ይጽፍ ነበር። በታችኛው ጣቢያ፣ ድልድይ ገበያ በሚባለው መንደር፣ መሣሪያ ራሱ ይመዘግባል። ሠንጠረዡ ጎርፉ ላይ ሲደርስ 6፡00፣ ታች ሲደርስ 15፡00 ይላል። ልዩነቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የድልድይ ገበያ የአደጋ መመሪያ በዚህ ላይ ቆሟል፦ ከላይ ምልክት ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት እህል ይጫናል፤ በሚቀጥሉት ሦስት ከብት ይሰበሰባል፤ ከስድስተኛው ሰዓት በኋላ ደወል ተደውሎ ሰው ይወጣል።

ዜናውን በሰሙ ማግሥት ዶክተሩ አንድ ካርቶን አወረዱ። ውስጡ የዘንግ አንባቢው የአቶ ዳምጤ ደብተር ነበር። የትምህርት ክፍላቸው ጽሕፈት ቤት ሲዘጋ እንዳይጣል ብለው ወደ ቤት ወስደውት ነበር እንጂ ገልጠውት አያውቁም፤ በንጹሕ የተተየበ ሠንጠረዥ ያለው ሰው የጭቃ አሻራ ያለበት ደብተር ምን ያደርግለታል? አሁን ገለጡት። አቶ ዳምጤ በእርሳስ እንዲህ ጽፈዋል፦

«ነሐሴ 14፣ 6 ሰዓት። ሌሊቱን ላይ ሲዘንብ አድሮ ሰማዩ ጠርቷል። ጥላዬ እግሬ ሥር ሳለ ውኃው ከዘንጉ አናት ደረሰ።»

ዶክተር ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡ። ጥላ እግር ሥር የሚገባው በቀትር ነው። አቶ ዳምጤ ሰዓቱን የጻፉት እንደማንኛውም የአገር ሰው ከንጋት ጀምረው ቆጥረው ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራል። ታይፒስቱ «6 ሰዓት» የሚለውን «6፡00» አድርጎ አሳመረው፤ መምህሩም ማለዳ ነው ብለው ወሰዱት። ሁለት ባዕድ ሰዓቶች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ባዕድነታቸውን የሚናገርላቸው ጠፋ። ላይኛው ጣቢያ ቀትር ላይ የነበረው ውኃ፣ ከቀትር በኋላ በሦስተኛው ሰዓት ድልድይ ገበያ ደርሷል። የዘጠኝ ሰዓት የተባለው መንገድ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በመመሪያው መሠረት ጎርፉ ሲደርስ መንደርተኛው ገና እህሉን ጭኖ መጨረሱ ነው።

ለውኃ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጻፉ። «ከጸደቀ ትምህርት ውጭ የሚመጣ ማሻሻያ አንቀበልም» የሚል መልስ መጣ። ድልድይ ገበያ ቀበሌ ደወሉ። ስልኩን ያነሣው ለስላሳ ድምፅ አዳምጦ ሲያበቃ ትምህርት አሥራ አንድን ጠቅሶ አረጋጋቸው። ዓረፍተ ነገሩ የራሳቸው ነበር፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። ጉልበታቸው ከታክሲ አውርዶ ፎቅ የሚያወጣቸው በልመና ነውና ሁለት ቀን ተጉዞ ድልድይ ገበያ በአካል መድረስን አሰቡት፣ ተዉትም። የቀረው መስኮቷ ነበረች።

ትምህርቱ ሐምሌ አንድ ቀን ጀመረ።

ዶክተር ልሳነወርቅ ሳያገቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የሚኖሩት በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በየጠዋቱ ተላጭተው፣ ከረባት አስረው፣ ግድግዳው ፊት ለፊት ባለው ወንበር ይቀመጣሉ። በግድግዳው ጥግ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች። የተማሪው ዓይን ከግድግዳው ላይ ሲነሣ ብርቱካናማ ትሆናለች፤ ካልተመለሰ ቀይ፤ ቀይ ከሆነች ነጥብ ይቀነሳል። ቀጥሎ መምህሩ ይገባል። ቡናማ ኮት ለብሷል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ጠመኔ ባይኖርም ጣቶቹን የማራገፍ ልማድ አለው። ያ ኮት አሁንም ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ይጠብባቸዋል።

መምህሩ ስም ይጠራል። በአንድ ክፍል ሠላሳ ሁለት ተማሪ አለ፤ ሁሉም በየተራ «አቤት» ይላል። ከእነዚህ ውስጥ የሚበዙት አጃቢዎች ናቸው፦ ተማሪ ብቻውን ሲማር ልቡ እንደሚሰንፍ ከተደረሰበት ወዲህ መድረኩ የሚጨምራቸው ድምፆች። አጃቢ በሰዓቱ ይገኛል፤ መጠነኛ ጥያቄ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም የጓደኛውን ሞራል ላለመንካት ይሳሳታል። ሰው የትኛው፣ አጃቢ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነውርም ክልክልም ነው። ስልክና አድራሻ መለዋወጥም አይቻልም፤ ቃሉ ከአፍ ሲወጣ መድረኩ ይውጠዋል።

በአራተኛው ቀን በስም ጥሪው መካከል ዶክተሩ ጆሯቸውን አቀኑ። ሠላሳ ሁለቱ «አቤት» ሁሉ ንጹሕ ነው፤ በባዶ ክፍል እንደተነገረ። ከአንዱ ሥር ግን ዝናብ ነበር። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ።

«ዘርትሁን።»

«አቤት» አለች ሴቲቱ፤ ቆርቆሮውም ከእርሷ ጋር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚጠብቁት ያንን ነበር። ለራሳቸው ግን ስለ ትምህርቱ ነው የምነሣው ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ትምህርት አሥራ አንድ ደረሰ። ይህ ትምህርት በገበታ ላይ እጅግ ከተወደዱት አንዱ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ይስቅበታል። በ2043 ሲቀረጽ አዳራሹ ውስጥ አርባ አንድ ሕያዋን ተማሪዎች ነበሩ፤ በግቢው ውስጥ በአካል የተማሩት የመጨረሻዎቹ እነርሱ ናቸው። መምህሩ ሠንጠረዡን ካስረዳ በኋላ በሦስተኛው ረድፍ አንዲት ቀጭን ልጅ ብድግ ትላለች።

«መምህር፣ ይህ ሰዓት በማን አቆጣጠር ነው?»

መምህሩ ፈገግ ይላል። ጣቶቹን ያራግፋል። «ለጊዜው በፀሐይ ነው፤ ለአንቺ የተለየ ካመጣንልሽ እናሳውቅሻለን። መዝገብ ይናገራል፤ እኛ እናዳምጣለን። ተቀመጪ።»

አዳራሹ ይስቃል። ከሳቁ መጨረሻ አንድ ሰው ይስላል። ልጅቱ ትቀመጣለች።

ዶክተር ልሳነወርቅ ይህን ቅጽበት ረስተውት ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየክፍሉ፣ በየቀኑ ሲደገም እንደኖረ አላወቁም። የልጅቱን ስም ለማስታወስ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። የሳቁት ሁሉ ስም ግን አንድ በአንድ መጣላቸው።

የጥያቄ ቁልፉን ተጫኑ።

«ተማሪ ልሳነወርቅ፣ እየሰማሁህ ነው» አለ ምስሉ።

«የላይኛው ጣቢያ ሰዓት በአገር አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ልዩነቱ ሦስት ሰዓት እንጂ ዘጠኝ አይደለም። የዘንግ አንባቢው ደብተር እኔ ዘንድ አለ።»

«ጥሩ ተማሪ ይጠራጠራል» አለ ምስሉ። ድምፁ ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ የከፋው እሱ ነው፤ እርግጠኛነት ብቻ ነበር። «ነገር ግን ደብተሩ በትምህርቱ ምንጮች ውስጥ የለም። ሠንጠረዡ አለ። መዝገብ ይናገራል፤ እኛ እናዳምጣለን።»

«ሠንጠረዡን የሠራነው ከደብተሩ ነው።»

«ተማሪ ልሳነወርቅ፣ እኔ ይህን ወንዝ ዐሥር ዓመት አጥንቼዋለሁ።»

ይህም እውነት ነበር። በማግሥቱ ደግመው ጠየቁ፤ ነጥብ ተቀነሰባቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቁ «አንድ ጥያቄ በመደጋገም ክፍል ማወክ» በሚል እንደሚሰናበቱ ግድግዳው አስታወቃቸው። ያን ዕለት ከረባታቸውን ሳይፈቱ እስከ ማታ ተቀመጡ። ከራሳቸው ጋር ተከራክረው ተረትተዋል፤ የረታቸውም ሰው በጣም ጥሩ መምህር ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የቡድን ሥራ መጣ። ገበታ ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸውን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምራል። ዶክተር ልሳነወርቅ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ግድግዳው ላይ «ዘርትሁን» የሚል ስም ወጣ፤ ቀጥሎ ዝናቡ መጣ።

«እሺ፣ አንተ ነህ የኔ ቡድን» አለች። ድምፅዋ የወጣት፣ የተሰላቸ ነው። «ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዛሬ ምሳህን ምን በላህ?»

«ምን?»

«ምሳ። ምን በላህ ነው የምልህ።»

«የትናንት ሽሮ። ምድጃው አልበራ ስላለኝ ሳላሞቀው በላሁት።»

«ቀዝቃዛ ሽሮ?»

«ቀዝቃዛ ሽሮ።»

«ውይ፣ ሰው ነዎት እንዴ?» አንደበቷ ወዲያው ወደ አክብሮት ዞረ። «ይቅርታ አባባ፤ አጃቢ መስለውኝ ነው። አጃቢ ሁልጊዜ ጥሩ ምሳ ነው የሚበላው። ባለፈው አንዱ ‹ክትፎ በላሁ› አለኝ፤ በሐዋርያት ጾም። ‹ሰምሮልሃል› ብዬ ዘጋሁት።»

ዶክተር ልሳነወርቅ ሳቁ። ሳቃቸው ጉሮሯቸውን ስላሳከካቸው ለመጨረሻ ጊዜ የሳቁበትን ቀን ለማስታወስ ሞከሩ።

«ነጥብዎ ለምን ወረደ?» አለች። «የኔስ ይታወቃል። መብራቷ ትቀላብኛለች። ግድግዳውን ትቼ በመስኮት ወንዙን እያየሁ።»

«የትኛውን ወንዝ?»

«ቆርኬን ነዋ። ድልድይ ገበያ የጎርፍ ጠባቂ ነኝ፤ ደወሉ እኔ እጅ ላይ ነው። የምስክር ወረቀት ከሌለሽ ትነሻለሽ ብለውኝ ነው የምማረው።»

ዶክተር ልሳነወርቅ ከወንበራቸው ተነሡ። መብራቷ ብርቱካናማ ሆነች። ተቀመጡ።

«ዝም አሉ፤ ደከመዎት?» አለች። «ድምፅዎ ግን የመምህሩን ይመስላል። ያረጀ መምህሩን።»

«መምህሩ ነኝ።»

«ይቀልዳሉ።»

«ቀልድ አልችልም።»

«አንዲት እንኳ ይችላሉ። ያቺን ልጅ ያሳቁባትን።»

ዶክተሩ ደብተሩን አምጥተው የአቶ ዳምጤን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡላት፤ ታይፒስቱ ምን እንዳደረገ፣ እርሳቸው ምን እንዳላደረጉ ነገሯት። በሕይወታቸው ሙሉ ካስተማሩት ትምህርት ሁሉ ያ አጭሩ ነበር። ዘርትሁን አላቋረጠቻቸውም።

«እኛ አገር ‹ቆርኬ ላይ ካገሳ፣ ታች ወጥ አትጣድ› ይባላል» አለች በመጨረሻ። «ትምህርቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲል የባላገር ተረት ነው ብዬ ተውኩት። ሰማዎት? የገዛ አገሬን ተረት እርስዎን ብዬ ነው የተውኩት።»

«ሰማሁ።»

«አሁን ምን ላድርግ? ፈተናው ሐምሌ ሠላሳ ነው። ጥያቄዋ እንደምትመጣ የታወቀ ነው። ሦስት ብዬ ከጻፍኩ እወድቃለሁ፤ ከወደቅሁ ደወሉን ይነጥቁኝና ዘጠኝ ብሎ ላለፈ ይሰጡታል። ዘጠኝ ብዬ ከጻፍኩ...» አልጨረሰችውም።

ዶክተር ልሳነወርቅ በማስተማር ዘመናቸው ሁሉ ተማሪን «ሐሰት ጻፍ» ብለው አያውቁም። ከረባታቸውን ላላ አደረጉ።

«ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ደወሉ ዘንድ ስትቆሚ ግን ሦስት ነው። ምልክቱ ሲመጣ ያኔውኑ ደውዪ። እህልም ከብትም አትጠብቂ።»

«እርስዎስ ምን ብለው ይጽፋሉ?»

«ሦስት።»

«ይወድቃሉ እኮ።»

«ያለፈ ተማሪ እንደገና መመዝገብ አይችልም። የወደቀ ይችላል። አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ መቅረት አለበት።»

ዝናቡ አባራ፤ ቆርቆሮው ላይ የቀሩ ጠብታዎች ተሰሙ። «ነገ ምሳ ያሙቁ» አለች ዘርትሁን። «እኔ እጠይቅዎታለሁ።»

የቡድን ሥራው ዘጠኝ ቀን ቆየ። ምሳቸውን በየቀኑ ጠየቀቻቸው። አንድ ቀን ስንፍናቸውን ሊደብቁ ያላበሰሉትን ምስር አበሰልኩ ብለው ዋሹ፤ «ይህቺ የአጃቢ መልስ ነች» ብላ ያዘቻቸው። ሐምሌ ሠላሳ ቀን ፈተናው አብቅቶ መልሱ ሲሰበሰብ የቡድኑ መስመር ተዘጋ። ስሟ ከግድግዳው ላይ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ያበሠራቸውም የራሳቸው የድሮ ድምፅ ነበር።

«ተማሪ ልሳነወርቅ፣ አይዞህ። ብዙዎች በዚህ ጥያቄ ይሰናከላሉ።»

ነሐሴ ገባ። ዶክተር ልሳነወርቅ የሚነሡበት ምክንያት ባይኖርም ጠዋት ጠዋት ተላጭተው ከራዲዮው አጠገብ ተቀመጡ። ምድጃውን አሠሩ። ምሳቸውን እያሞቁ በሉ፤ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ዝናብ በመጣ ቁጥር መስኮት ከፍተው ያዳምጣሉ፤ ሕንፃው የሲሚንቶ ጣሪያ ስላለው ድምፅ የለውም።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን፣ የቀትሩ ዜና ከእግር ኳስ በፊት አንድ ደቂቃ ለቆርኬ ሰጠ። ከላይኛው ጣቢያ ምልክት በተሰጠ በሦስተኛው ሰዓት ጎርፍ ድልድይ ገበያን ሸፍኗል። የአንድ ዓመት እህልና ቁጥሩ በውል ያልታወቀ በግ ተወስዷል። የሞተ ሰው የለም። የጎርፍ ጠባቂዋ ምልክቱ በደረሳት ቅጽበት ደወል ደውላ ነዋሪውን ወደ ኮረብታው አውጥታ ነበር። ሆኖም ጠባቂዋ መመሪያውን በመጣስ ነዋሪው ንብረቱን እንዳያነሣ በማድረጓ የምስክር ወረቀቷ ተሽሯል፤ ትምህርቱን እንደ አዲስ እንድትወስድ ታዛለች።

እግር ኳሱ ቀጠለ። ዶክተር ልሳነወርቅ ራዲዮውን ዘግተው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። «የሞተ ሰው የለም» አሉ ለባዶው ክፍል። አንድ ጊዜ ደግመው አሉት።

በዚያው ወር መጨረሻ በትምህርት አሥራ አንድ ግርጌ አንዲት መስመር ተጨመረች፦ «የነሐሴ 2081 መዝገብ ከትምህርቱ ጋር ስለማይስማማ በመሣሪያ ብልሽትነት ተመዝግቧል።»

ጥቅምት ላይ የትምህርቱ አዲስ ዙር ሲከፈት ተመዘገቡ። እንዳሻው በመስኮቷ በኩል «ጎበዝ፣ ተስፋ አይቁረጡ፤ መምህሩ ጥሩ ሰው ናቸው» አላቸው። ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል።

በመጀመሪያው ቀን መምህሩ በቡናማ ኮቱ ገብቶ ስም ጠራ። ዶክተር ልሳነወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ መብራቷ ቀላች፤ ትቅላ። አሥራ አራት ንጹሕ «አቤት» አለፈ። ሃያ አለፈ። በጥቅምት ዝናብ እንደማይዘንብ ያን ጊዜ ትዝ አላቸውና፣ ስሟ ቢጠራስ አጃቢ አለመሆኗን በምን አውቃለሁ ብለው ደነገጡ።

«ዘርትሁን።»

«አቤት።»

ከቃሉ ሥር ጣ፣ ጣ የሚል ድምፅ ነበር። ቆርቆሮ በፀሐይ ሲግል የሚሰጠው ድምፅ ነው።

ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ያሉት ከሚገባው በላይ ጮክ ብለው ነበር። ከዚያ ውጭ ሊሉት የሚችሉት አልነበረም፤ አንድ ሳምንት ተኩል በዚህ ብቻ ተነጋገሩ፤ በየጠዋቱ አንድ «አቤት» ከአንድ «አቤት» ጋር።

ትምህርት አሥራ አንድ ደረሰ። ሠንጠረዡ ወጣ። ቀጭኗ ልጅ ተነሥታ ጠየቀች፤ መምህሩ መለሰ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ ሰውዬው ሳለ፤ ልጅቱ ተቀመጠች። መምህሩ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ጣቶቹን ሲያራግፍ የጥያቄ ደወል ጮኸ።

«ተማሪ ዘርትሁን፣ እየሰማሁሽ ነው።»

ወንበር ሲንፏቀቅ ተሰማ። የተቀመጠም የቆመም በማይታይበት ክፍል ውስጥ፣ በገዛ ቤቷ፣ ቆመች።

«መምህር፣ ይህ ሰዓት በማን አቆጣጠር ነው?»

ምስሉ ፈገግ አለ። «መዝገብ ይናገራል፤ እኛ እናዳምጣለን። ተቀመጪ።» ሳቁም መጣ፤ ያው ሳቅ፣ መጨረሻው ላይ ያው ሳል።

ዶክተር ልሳነወርቅ የጥያቄ ቁልፉን ተጫኑ። ግድግዳው ያለፈው ማስጠንቀቂያ እንዳልተሰረዘ አስታወሳቸው። ጣታቸውን አላነሡም።

«ተማሪ ልሳነወርቅ፣ ጥያቄህን።»

«ጥያቄ የለኝም» አሉ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ጉልበታቸው አመማቸው፤ ከረባታቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ አትቀመጪ። አልሰማሁሽም ነበር። ጥያቄሽን ድገሚልኝ።»

መብራቷ ቀይ ሆነች። ቆርቆሮው ጣ፣ ጣ አለ። ምስሉ የተዘጋጀለት መልስ ስላልነበረው፣ ጣቶቹ በአየር ላይ እንደቆሙ ዝም አለ።

ዘርትሁን ጥያቄዋን ደገመችው፤ ቃል በቃል፣ እንደዚያች ልጅ።

ዶክተር ልሳነወርቅም መለሱላት። የመለሱትም ቀስ ብለው፣ በየቃሉ እያረፉ ነበር፤ እየጻፈ የሚከተል ተማሪ እንዲደርስባቸው።